ወፎችም ድርሻ አላቸው



ዝቋላ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ሸዋ ይሄዳል፤ በአናቱ ላይ ሐይቅ የተሸከመው ተራራ ይታወሰናል። ዛሬ ልናወጋችሁ የተነሳነው ግን ስለ ሌላው ዝቋላ ነው። ይህኛው ዝቋላ በዋግ ኽምራ የሚገኝ፣ ከሰቆጣ በስተምዕራብ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ወረዳ ነው፤ ከተማው ጽጽቃ ይባላል። ከሰቆጣ ደጋ ተነስቶ ወደዚያ የሚወርድ መንገደኛ ቁልቁል በሄደ ቁጥር ሙቀቱ እየበረታበት፣ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ በክንዱ ይይዛል። ገብስና ስንዴው ለማሽላ ቦታ ይለቃል። ዳገቱ ፍየል አያጣም፤ ማሩም ዝናው ሩቅ ነው። የአገሬው ሰው እርስ በርሱ በኽምጣኛ፣ ከእንግዳ ጋር በአማርኛ ይነጋገራል።

ወደዚያ የወረድነው በጥቅምት 2012 ዓ.ም ነበር። ለሥልጠና ሰቆጣ ከርመን ስናበቃ፣ የወረዳው ተወላጅ የሆነ የባዮሎጂ መምህር ባልደረባችን «አገሬን ሳታዩማ አትመለሱም» ብሎ በዕረፍት ቀናችን ይዞን ሄደ። ማር ልንቀምስ፣ ተከዜን ልናይ ነበር ሐሳባችን። ይዘን የተመለስነው ግን የወፍ ጨዋታ ሆነ።

በማማ ላይ ያሉ ልጆች

ማሽላው እሸት ይዞ ነበር። በየማሳው መሐል በእንጨት የተረበረበ ማማ ቆሟል፤ በየማማው ላይ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ወንጭፍ ይዞ ይጮሃል። «ሃይ! ሃይ!» የሚለው ድምፅ ከአንዱ ሸንተረር ተነስቶ ሌላው ጋ ሲደርስ፣ ከዚያኛው ደግሞ ሌላ ድምፅ ይቀበለዋል። ባልደረባችን በጣቱ እያመለከተ «ያ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ያቺ ደግሞ የአምስተኛ። ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ ወንበራቸው ባዶ ይውላል» አለን። መምህር ለሆነ ሰው ይህ የሚያም ነገር ነው።

ጠላታቸው ግሪሳ ነው። ግሪሳ ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ብቻ የሆነ ትንሽ ወፍ ናት፤ በቀን የምትበላውም 10 ግራም ያህል እህል ነው። ነገር ግን ብቻዋን አትመጣም። አንድ ሚሊዮን ግሪሳ በአንድ መንጋ ቢወርድ፣ ሒሳቡን ስንሠራው በቀን 100 ኩንታል እህል ማለት ነው። እንግዲህ ለአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ የሚሆን ማሽላ በጥቂት ሰዓታት ባዶ አገዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በመሆኑም የዝቋላ ገበሬ ወፍ ሲያይ ቢቆጣ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። የምንናገረውን ሁሉ ከዚህ ጀምረን መናገር አለብን።

በጅረቱ ዳር ያለ ጓሮ

ከማሳው አልፈን ወደ አንድ ጅረት ስንወርድ አየሩ ተለወጠ። በጅረቱ ዳር አንድ ሽማግሌ በመስኖ ያለሙት ጓሮ አለ። ጥቂት የማንጎ ዛፎች፣ ፓፓያ፣ ሎሚና ዘይቱን ይዟል። (በመድረሳ የተማሩ ልጆቻችን እዚህ ላይ እንዳይሳሳቱ። በሱረቱ ቲን የተጠቀሰው ዘይቱን የእኛ ወይራ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በአማርኛ ዘይቱን የምንለው ፍሬ ግን መነሻው አሜሪካ የሆነ ሌላ ተክል ነው።) በአጥሩ ዙሪያ ወይራ፣ ቁርቁራና አጋም በቅለዋል። ከዛፎቹ መሐል የሚሰማው የወፍ ድምፅ ብዛቱ ጆሮ ይሞላል።

ባለቤቱ የክርስትና እምነት ተከታይ ናቸው። እርድ እንደማንጋራ ስለሚያውቁ ምንም ሳንጠይቃቸው ቆሎና ማር፣ ከጓሯቸውም የበሰለ ፓፓያ አቀረቡልን። ይህን የመሰለ የእንግዳ አክብሮት በወሎም በዋግም የኖረ ነውና አላህ ያቆየው።

«አባባ፣ ወፎቹ አያስቸግሩዎትም?» አልናቸው።

«እንዴት አያስቸግሩ ልጆቼ! ዘይቱኑን ገና መብሰል ሲጀምር ይበሱታል። ፓፓያውንም እንደዚሁ። ማሽላው ላይ ግሪሳ፣ እዚህ ደግሞ እነዚህ። አሁንስ መሮኛል። ገበያ ላይ መርዝ አለ አሉኝ፤ እህል ላይ ለውሶ መበተን ብቻ ነው። አንዴ ብገላገላቸው ብዬ አስቤያለሁ» አሉን።

ይህን እየተነጋገርን ሳለ የልጅ ልጃቸው ከማማው ወርዶ እየሮጠ መጣ። በእጁ የሞተች ወፍ አንጠልጥሏል። «መታኋት!» አለ፤ ደስታው ከፊቱ ይነበባል። ወፏ ከላይ ጥቁር፣ ከሥር ነጭ፣ ጭራዋ ረዘም ያለ፣ አፏም እንደ ጭልፊት ቆልመም ያለ ነበረች። ባልደረባችን ተቀበለውና በሰንጢ ጨጓራዋን ከፍቶ በቅጠል ላይ ዘረጋው። የጥንዚዛ ክንፍ ቅርፊት፣ የፌንጣ እግር፣ ግማሹ የተፈጨ አባጨጓሬ ወጣ። አንዲት ቅንጣት ማሽላ አልነበረባትም።

ልጁ ዝም አለ። ሽማግሌውም ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «እኔ እኮ ሁሉም አንድ ይመስሉኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

እኛም በልጅነታችን ወንጭፍ ይዘናል፤ የገደልነውን ወፍ ጨጓራ የከፈተልን ግን አንድም ሰው አልነበረም።

የተከለከሉት አራቱ

ያቺ ወፍ በዐረብኛ ሱረድ ከሚባለው የወፍ ወገን ናት። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳይገደሉ ከከለከሏቸው አራት ፍጡራን መካከል ሱረድ አንዷ ነች። ሦስቱ ጉንዳን፣ ንብና ሁድሁድ ናቸው። ይህን ሐዲስ በመድረሳ ስንማር በቃላችን ይዘነው ነበር እንጂ ከጓሮ ጋር አያይዘን አላሰብነውም ነበር። በዝቋላ ከዚያ ጅረት ዳር ተቀምጠን ስናስበው ግን ገረመን። ንብ የሎሚውንና የሌላውን ተክል አበባ እየዞረች ፍሬ እንዲይዝ ትረዳለች። ሁድሁድ በሱረቱ ነምል የሰበእን ንግሥት ወሬ ለሱለይማን (ዐ.ሰ) ያመጣው፣ በራሱ ላይ ማበጠሪያ የመሰለ ላባ ያለው ወፍ ነው፤ በረጅም አፉ አፈር እየወጋ የተደበቀውን ትል ያወጣል። ሱረድ ደግሞ ጥንዚዛና ፌንጣ ታድናለች፤ የተረፋትንም እሾህ ላይ ሰክታ ታቆያለች። የክልከላውን ጥበብ ሙሉ በሙሉ የሚያውቀው አላህ ነው፤ እኛ በዓይናችን ያየነውን ብቻ ነው የምንናገረው።

ዙህርን ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ሰገድን። ከሶላት በኋላ ሌላው ሐዲስ ትዝ አለን። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ አንድ ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ወይም ከዘራው አዝመራ ሰው፣ እንስሳ ወይም ወፍ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ ሆኖ ይጻፍለታል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በሉ! በዚህ ሐዲስ ወፍ በስሟ ተጠርታለች። በዱንያ እንደ ኪሳራ የምንቆጥረው የተበሳ ዘይቱን፣ በአኺራ መዝገብ በገቢ በኩል ተጽፎ ይጠብቀናል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ወፍ የምትበላውን በነፃ አትበላም። ደመወዟ ነው።

የወፍ ደመወዝ

ፍሬ የምትወደው ወፍ እንኳን ዓመቱን ሙሉ ፍሬ አትበላም። በየጓሮው ማለዳ የምትዘምረው ቡልቡል የበሰለ ዘይቱን ትበሳለች፤ ነፍሳትም ትለቅማለች። የአብዛኞቹ ትናንሽ ወፎች ጫጩቶች ለማደግ ለስላሳ ትልና አባጨጓሬ ያስፈልጋቸዋል። እህል በል የሆነችው ድንቢጥ እንኳ ጫጩቶቿን የምታሳድገው በአብዛኛው በነፍሳት ነው። ስለዚህ ጎጆ ባለበት ዛፍ ላይ እናትና አባት ከንጋት እስከ ምሽት ተባይ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ግንደ ቆርቁር ደግሞ የዛፉን ቅርፊት እየቀረቀረ እጃችን የማይደርስበትን ትል ያወጣል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በኔዘርላንድ የፖም እርሻዎች ላይ ተመራማሪዎች ከድንቢጥ ብዙም ለማትበልጥ ነፍሳት በል ወፍ የጎጆ ሣጥን ሰቅለው ውጤቱን አጥንተዋል። እ.ኤ.አ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ወፎቹ በሚመገቡባቸው ዛፎች ላይ የአባጨጓሬ ጉዳት መቀነሱንና ከአንድ ዛፍ የሚለቀመው ፖም ከ4.7 ኪሎ ወደ 7.8 ኪሎ ከፍ ማለቱን ገልጸዋል።

ተቃራኒውን ደግሞ ቻይና አይታዋለች። እ.ኤ.አ በ1958 መንግሥቷ አይጥን፣ ዝንብን፣ ቢንቢንና ድንቢጥን ለማጥፋት ዘመቻ አወጀ። ሕዝቡ ድስትና ከበሮ እየደበደበ ድንቢጦች እንዳያርፉ ያባርራቸው ነበር፤ ደክመው ከሰማይ እስኪወድቁ ድረስ። ድንቢጥ ስታልቅ አንበጣና ሌላው ተባይ ተበራከተ። በእነዚያ ዓመታት ለደረሰው ታላቅ ረሀብ ብዙ ምክንያቶች ቢኖሩትም ይህም አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። በ1960 ድንቢጥ ከዝርዝሩ ወጥታ ትኋን ተተካባት። ጥፋቱ ግን አስቀድሞ ተፈጽሟል።

እውነቱን ለመናገር ወፍ የማትችለውም አለ። በ2002 ዓ.ም ገደማ በምሥራቅ ወለጋ ታይቶ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተዛመተው ነጩ የማንጎ ተባይ ከቅጠል ጋር ተጣብቆ የሚኖር ጥቃቅን ነፍሳት ነው፤ ወፍ ብቻዋን አትገላግለንም። የአንበጣ መንጋ ሰማይ ሲሸፍንም ሽመላና ጭልፊት የቻሉትን ይበላሉ እንጂ መንጋውን አይጨርሱትም። ንብ በል የሆኑ ወፎችም ስላሉ ቀፎ ያለው ሰው መጠንቀቁ አይከፋም። የምንለው ወፍ ሁሉ ጻድቅ ነው አይደለም። የምንለው፣ ወዳጅን ከጠላት ሳንለይ ሁሉንም በአንድ መርዝ ከገደልን በማግስቱ ትሉ ያለ ጠባቂ ያገኘናል ነው።

መርዝ አይመርጥምና። ግሪሳን ለማጥፋት ከአውሮፕላን የሚረጨው ፌንቲዮን የተባለው መድኃኒት እንኳ፣ በባለሙያ እጅ ሆኖ ጭምር ሌሎች ወፎችንና የሞተ ግሪሳ የበሉትን አዳኝ አሞሮች እንደሚገድል የታወቀ ነው። ታዲያ ምንነቱ ሳይታወቅ በብልቃጥ ከገበያ ተገዝቶ እህል ላይ የሚለወሰው ምን ያደርጋል? ዶሮዋም፣ ንቧም፣ በጓሮው የሚጫወተው ሕፃንም ከዚያው መሬት ላይ ናቸው።

ወፍ ዘራሽ

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው እንዳንሰብክባቸው ፈርተን በአጭሩ ነበር የነገርናቸው። እርሳቸው ግን ከእኛ የተሻለ ማስረጃ ነበራቸው። ወደ አጥሩ እያመለከቱ «ይህን ወይራ ማን የተከለው ይመስላችኋል?» አሉን። እርስዎ ይሆናሉ አልናቸው። ሳቁ። «አንዱንም አልተከልኩ። ወይራውም፣ ቁርቁራውም፣ አጋሙም ወፍ ዘራሽ ነው።»

ወፍ ዘራሽ! ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምተነዋል? ሰው ሳይዘራው የበቀለውን ሁሉ አባቶቻችን ወፍ ዘራሽ ሲሉ የኖሩት ዓይተው ነው። ወፍ የወይራ ፍሬ ትውጣለች፤ ሥጋው ተፈጭቶ ፍሬው በኩሷ ይወጣል። ወፍ ደግሞ የምታርፈው በገላጣ ሜዳ ሳይሆን በቁጥቋጦ ላይ ነውና ፍሬው የሚወድቀው ጥላ ካለበት፣ ፍየል በቀላሉ ከማይደርስበት እሾህ ሥር ነው። በትግራይ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ በተከለሉ ተራሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የወይራ ችግኝ በብዛት የሚገኘው ወፎች በሚያርፉባቸው ቁጥቋጦዎች ሥር መሆኑን አሳይተዋል። እንግዲህ በዋግ ሕዝቡ በየዓመቱ አካፋና ዶማ ይዞ እርከን ሲሠራ፣ ችግኝ ሲተክል፣ ወፎች ያለ አበልና ያለ ሥልጠና ከጎኑ ይተክላሉ ማለት ነው። ተራራው ሲለብስ ጎርፉ ይቀንሳል፤ ጎርፉ ሲቀንስ ውኃው ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ያን ጊዜ ከሥር ያለው ምንጭ ይጎለብታል። የሽማግሌው ማንጎ የሚጠጣው ከዚያው ነው።

ቁርቁራ ደግሞ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ ዛፍ አይደለም። በዐረብኛ ሲድር የሚባለው፣ ቅጠሉ ለጀናዛ እጥበት የሚያገለግለው ነው። ሲድር ስለሚቆርጥ ሰው በሐዲስ ከባድ ማስጠንቀቂያ መጥቷል፤ አቡ ዳውድ ይህን ሲያብራሩ በበረሃ መንገደኛና እንስሳ የሚጠለሉበትን ዛፍ ያለ አግባብ ስለሚቆርጥ ነው ብለዋል። ከፀሐይ የሚሸሽ ሰው በተከዜ ሸለቆ አንድ ቀን ቢውል ትርጉሙ ይገባዋል።

ከመለያየታችን በፊት ሽማግሌው ቁርጥ ያለ ነገር ተናገሩ። «መርዙ ይቅር። ለማሽላው ግን ወንጭፉ አይቀርም፤ ልጆቼን ማብላት አለብኝ» አሉ። ልክ ናቸው። እኛም ከዚህ የበለጠ አልጠየቅናቸውም። ለልጁ ደግሞ ባልደረባችን ግሪሳን በአፏ ለይቶ እንዲያውቅ አሳየው፤ አጭርና ወፍራም አፍ ያላት እህል ፈጪ ነች፣ ቀጭንና ረጅም አፍ ያላት ትል ለቃሚ ነች አለው። ልጁ ወዲያው ወደ ማማው አልተመለሰም፤ ለረጅም ጊዜ ዛፎቹን ቀና ብሎ ሲመለከት ቆየ።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

ጓሮ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ ጉዞ የቀሰምነውን እናካፍላችሁ።

1ኛ. በአጥራችሁ ላይ ወይራ፣ ዋንዛ ወይም ሾላ ካለ አትቁረጡት። ወፍ የራሷ ፍሬ ካላት በእናንተ ፍሬ ላይ የምታደርሰው ጉዳት ሊቀንስ ይችላል።

2ኛ. መብሰል የጀመረውን ዘይቱንና ማንጎ በወረቀት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ከረጢት ሸፍኑ፤ የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልቀሙ። በዛፉ ጫፍ ያለው ለወፎች ቢቀር ሰደቃ ነው።

3ኛ. በበጋ ጠለቅ ባላለ ሸክላ ውኃ አስቀምጡ። ወፍ ፓፓያ የምትበሳው ከጥም የተነሳም ሊሆን ይችላል።

4ኛ. የረገፈውን ፍሬ ልቀሙ፤ ከዛፉም ሥር ዶሮ ልቀቁ። የፍሬ ዝንብ ትል ወደ አፈር የሚገባው ከዚያ ነውና።

5ኛ. ጉጉትን አታባርሩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በወፍ ገድ ማለትን አውግዘዋል፤ በጃሂሊያ ዘመን በጉጉት ላይ ይነገር የነበረውንም አጉል እምነት ውድቅ አድርገዋል። ጉጉት ሟርተኛ ሳትሆን የሌሊት ዘበኛ ናት፤ በአንድ ሌሊት የምትይዘው አይጥ በጎተራችሁ ያለውን እህል ያተርፋል።

6ኛ. ልጆቻችሁን አስተምሩ። በአንድ ጉዞ ላይ ሶሓቦች የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች ቢወስዱ እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ጫጩቶቿ እንዲመለሱላት አዘዙ። ይህን ታሪክ የሰማ ልጅ ጎጆ ለማፍረስ እጁ አይዘረጋም።

ከዚያ ወዲህ

ከጉዟችን በኋላ በዝቋላ ላይ ብዙ ወረደ። በ2013 ዓ.ም መኸር የበረሃ አንበጣ ዋግን አዳረሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ደረሰና የዝቋላና የአበርገሌ ብዙ ነዋሪዎች ቀያቸውን ጥለው ሰቆጣና አካባቢው ተጠለሉ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ድርቅ ተከተለ፤ ከብቱንም ማሳውንም ጎዳ።

ባልደረባችን በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። ስንገናኝ አስቀድመን የጠየቅነው ስለ ሽማግሌው ነው። «በሕይወት አሉ፤ ተመልሰዋልም» አለን፤ አልሐምዱሊላህ አልን። ጓሮውን የሚያጠጣ ሰው ባለመኖሩ ፓፓያው በሙሉ፣ ከማንጎውም ገሚሱ ደርቋል። አጥሩ ላይ ያሉት ወይራና ቁርቁራ ግን ማንም ሳይጠብቃቸው ቆመዋል። ከቁርቁራው ሥር ደግሞ ማንም ያልተከላቸው ሁለት የዘይቱን ችግኞች በቅለው አገኟቸው። ሽማግሌው አጥር አጥረው ማጠጣት ጀምረዋል።

«የእኔን ዘይቱን ሲበሉ ተሳድቤ ነበር፤ ለካ ዘሩን አስቀምጠውልኛል» ብለዋል አሉን።

በማለዳ ተርበው ወጥተው ማታ ጠግበው የሚመለሱትን የሚመግበው ጌታ፣ የዝቋላን ሕዝብና መላ አገራችንን በሰላምና በዝናብ ይካሰን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።